ትልቅ ሰውን የማለፍ ፈቃድ

እኔ ስለ ኳስ የማውቀው ክብ መሆኑን ብቻ ነው። እሱንም እርግጠኛ የሆንኩት በቅርቡ ነው፤ በእኛ ዘመን ኳስ የሚሰራው ከአሮጌ ጨርቅ ስለነበረ ክብ ሆኖ የሚቆየው እስኪመታ ድረስ ነበር። ከተመታ በኋላ ግማሹ ይሄዳል፣ ግማሹ ይቀራል።

ይህን የማወራችሁ ወድጄ አይደለም። ዛሬ መካነ ሰላም ውስጥ እኔን የሚያስቆም ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ኳስ ነው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ወገቤ የሚጠይቀኝ ጠፍቷል። የልጅ ልጄ ደረጀ ኳስ ተጫዋች ነው፤ ያውም ደሞዝ እየተከፈለው፣ ደሴ በተቀመጠ ክለብ። የሚጫወትበትን ቦታ «የመስመር አጥቂ» ይሉታል፤ ክንፍ የሚሉትም አሉ። ሜዳው ዳር ላይ ነጭ መስመር ይሰመራል። የእኛ ልጅ እሷን ጥግ ጥጓን ይዞ ይሮጣል፣ ፊቱ የሚቆመውን ተከላካይ ያልፋል፣ ከዚያ ኳሷን ወደ መሀል ያሻማል። ስራው ይኸው ነው። በእኛ ጊዜ ጥግ ጥጉን ይዞ የሚሮጥ ሌባ ነበር፤ ዛሬ ደሞዝተኛ ሆነ።

ይህን ስራ ያስተማርኩት እኔ ነኝ ብል ትስቁብኛላችሁ። ግን ስሙኝ። እናቱ የሺ፣ ልጄ ናት፣ ገና ትንሽ ሳለ ነው ለእኔ ትታው አረብ አገር የሄደችው። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ የትምህርት ቤቱ መንገድ በሰው ማሳ መሀል ነው የሚያልፈው። የሰው ገብስ እንዳይረግጥ አጥብቄ ስለምነግረው ልጁ የሚሮጠው በድንበሯ ላይ ብቻ ነበር። የእኛ አገር ድንበር ደግሞ ታውቋታላችሁ። ሁለቱም ባለማሳዎች በየዓመቱ በሞፈር ትንሽ ትንሽ ስለሚቀርጧት ከዓመት ዓመት ትቀጥናለች። ሁለት እግር በማታስቆም ድንበር ላይ ሳይወድቅ ሲሮጥ ያደገ ልጅ ነጭ መስመር ሲያሰምሩለት ጎዳና ሆነለት። በወረዳ ውድድር ላይ አንድ ሰው አይቶ ወሰደው። በታዳጊዎቹ ቡድን ቆየና አምና ዋናው ቡድን አስፈረመው።

አምና እኔን ማየት ነበር። በገበያ መሀል ሳልፍ ወጣቱ ከየሱቁ እየወጣ እጄን ይጨብጠዋል። አንዱማ «አባባ፣ ይሄ እግር በዘር ነው እንዴ?» ብሎ ቁርጭምጭሚቴን ሊያይ አጎነበሰ። ዘንድሮ ግን ሰላምታው ቀዘቀዘ። ኳስ የሚያሳዩበት ቤት የሚውሉት ልጆች ሲያገኙኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደረጀ ደህና ነው?» ይሉኝ ጀመር። የታመመ ሰው ያለበትን ቤት እንደሚጠይቁት ማለት ነው።

ደወልኩለት። መጀመሪያ ሸፋፈነው። ኋላ ግን አውጥቶ ነገረኝ፤ ለካ ልጁ ስራ ላይ አይደለም። ተጠባባቂ ወንበር የሚሉት አለ፣ እሱ ላይ ነው የሚውለው። ግጥሚያ በመጣ ቁጥር ታኬታውን ያስራል፣ ሰውነቱን ያሟሙቃል፣ ከዚያ ተቀምጦ የሰው ጨዋታ ያያል፣ ታኬታውን ይፈታል።

«ኮንትራቴ ዘንድሮ ያልቃል፣ አባባ» አለኝ። «ካልተጫወትኩ አያድሱልኝም። እንግዲህ እኔም እንደ እኩዮቼ በጅቡቲ በኩል እሞክራለሁ።»

በጅቡቲ በኩል ማለት በረሃውን በእግር፣ ባሕሩን በጀልባ ማለት ነው። ከእኛ አካባቢ በዚያ ሄደው ደርሰናል ብለው የደወሉ አሉ። እስከ ዛሬ ያልደወሉም አሉ።

በዚያው ሳምንት የሺ ደወለች። የምትሰራበት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ነው የምታወራኝ፤ እመቤቲቱ ስትመጣ ድምጿ ይጠፋል፣ ስትሄድ ይመለሳል። ለእሷም ያንኑ ፍንጭ ሰጥቷት ኖሯል። አላለቀሰችም። «አባዬ፣ እኔ እዚህ ያለሁት እሱ እዚህ እንዳይመጣ ነው» አለችኝና ድምጿ ጠፋ። እመቤቲቱ ትምጣ፣ እንባዋ ይምጣ አላወቅኩም።

አሁን ስህተቱ የት ላይ እንደጀመረ ልንገራችሁ። እስቲ አስቡት፤ አንድ ጤነኛ ጎረምሳ ሌላው ሁሉ እየሰራ እሱ ብቻ «ተቀመጥ» የሚባለው መቼ ነው? አጨዳ ላይ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ባለቤቱ አንዱን ልጅ ከተቀየመው ምግብ አይነፍገውም፤ ማጭድ ነው የሚነፍገው። ጥላ ስር አስቀምጦ እህሉን ሌላው ሲያጭድ ያሳየዋል። ከዚያ የከፋ ቅጣት የለም። እኔም ይህን አሰብኩና ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ፤ አሰልጣኙ ልጃችንን ተቀይሞታል። ቂም ደግሞ መድኃኒቱ ሽማግሌ ነው። ይህንን ለማወቅ ኳስ ማወቅ አያስፈልግም ብዬ ደመደምኩ። በሕይወቴ ሙሉ እንደዚያ ቀን ልበ ሙሉ ሆኜ ተሳስቼ አላውቅም።

ሁለት ሰዎች ያዝኩ። አንደኛው ሸህ ሙሄ ናቸው፤ በአካባቢያችን ተጣልቶ የቀረ ሰው ካለ እሳቸው ያልሰሙት ብቻ ነው። ሁለተኛው አያ ይመር ነው፤ ጆሮው ከደከመ ቆይቷል፣ ድምፁ ግን ጭራሽ በረታ። ሹክ ያለህ ጊዜ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው ይመልስልሃል። ጉዳዩን ስነግራቸው ሸህ ሙሄ ምንም አልጠየቁኝም። «አብሽር፣ አሰልጣኙም የሰው ልጅ ነው» ብለው ከዘራቸውን አነሱ።

እኔ ማር ቢጤ እንያዝ ብዬ ነበር። ሸሁ ከለከሉኝ፤ ከእርቅ በኋላ ከሆነ ስጦታ ነው፣ ከእርቅ በፊት ከሆነ ጉቦ ነው አሉ። ባዶ እጃችንን ልንሄድ ተስማምተን መናኸሪያ ስንገናኝ አያ ይመር በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ መጣ። ድንጋይ ነው። እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ደሴ ድንጋይ ጠፍቶ ነው ወይ ብዬ በምልክት ጭምር ጠየቅኩት።

«የደሴን ድንጋይ አላውቀውም» አለ። «ይሄ ስንቱን ያስታረቀ ድንጋይ ነው።»

ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ከላይ ልጫነው ቢለው እምቢ ብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። አቀስታ ስንደርስ ብርዱ በየቀዳዳው ገባ፤ አንዲት ሴትዮ ተሳፍራ አጠገቡ ተቀመጠችና ጥቅልሉን እያየች ድፎ ነው ወይ አለችው። «ድንጋይ ነው» ሲል መኪናው በሙሉ ሰማ። ከዚያ እስከ ደሴ ድረስ ወሬ አልነበረም። ሹፌሩ እንኳ በመስታወቱ አንዴ እኛን፣ አንዴ መንገዱን እያየ በጥንቃቄ ነዳን፤ እንደዚያ ተከብሬ ተጉዤ አላውቅም።

ለደረጀ አልነገርነውም። ሽማግሌ ለባለጉዳዩ አስታውቆ አይሄድም። በማግስቱ ጠዋት ልምምድ የሚሰሩበትን ሜዳ አጠያይቀን ደረስን። ደጅ የሚጠና ሰው ባለቤቱ ወዳለበት ነው የሚቀርበውና ቀጥ ብለን ገብተን ሜዳው መሀል ላይ በረድፍ ቆምን። አንድ ኳስ በአያ ይመር ራስ አጠገብ እየተምዘገዘገች አለፈች። እሱ ወፍ መሰለችው። ፊሽካ ተነፋ፣ ሁሉም ቆመ። ደረጀ አየንና ማልያውን ወደ ላይ ስቦ ፊቱን ሸፈነበት። ከጓደኞቹ አንዱ አዲሶቹ ዳኞች መጡ ሲል ሰማሁት።

አሰልጣኙ ከታናሹ ልጄ ያንሳል። ሲቀርብ ግን ኮፍያውን አወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ ሦስታችንንም ጨበጠ፤ አሳዳጊ ያለው ሰው ነው። «አባቶቼ፣ ቆማችሁማ አይሆንም፣ ተቀመጡ» ብሎ አንድ ረጅም ወንበር አሳየን። ያው ልጄን ያስቀመጠበት ወንበር መሆኑ ነው።

ሸህ ሙሄ ከዘራቸውን ተደገፉ። «መቀመጡ ይቆየን። ከመቀመጣችን በፊት ከዚህ ወንበር ላይ የምታስነሳልን ልጅ አለ።»

አሰልጣኙ ነገሩ ሲገባው ከማንም ጋር እንዳልተጣላ፣ ልጁንም እንደሚወደው ነገረን። ሸሁ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ የተቀየመ ሰው ሁሉ አልተቀየምኩም ነው የሚለው አሉኝ። ሰውየው ማለ። ቂሙን ሸሽጎ መያዝ መቻሉን እያደነቅን ቆምን። ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል ያልሰማው አያ ይመር ጊዜው የደረሰ መስሎት ደረጀን በእጁ ጠራውና ድንጋዩን ፈቶ ትከሻው ላይ ጫነው።

በማልያና በቁምጣ ድንጋይ የተሸከመ ሰው አይታችሁ አታውቁም። ጓደኞቹ ሳቃቸውን ለማፈን ጀርባቸውን ሰጡ። አንዱ ግን አዲስ የልምምድ ዓይነት መስሎት የራሱን ድንጋይ ሊፈልግ ወደ አጥሩ ሄደ።

አሰልጣኙ አልሳቀም። መጣና ድንጋዩን በገዛ እጁ ከልጁ ትከሻ አወረደው። በእኛ ሕግ ድንጋዩን ያወረደ ይቅር አለ ማለት ነው። አያ ይመር ወዲያው ምርቃት ጀመረ፣ እኔም ዓይኔን ጠረግኩ፣ ሸሁ «አልሐምዱ ሊላህ» አሉ። ሰውየው ምርቃቱ እስኪያልቅ ጠበቀና አንገቱን ደፍቶ፣ «አባቶቼ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። አሁንም ግን ላሰልፈው አልችልም» አለ።

እንዲህ ያለ እርቅ አጋጥሞን አያውቅም።

«ቆዩ ላሳያችሁ» አለ አሰልጣኙ። ለደረጀ ኳስ ሰጠውና እኩዮቹን አንድ በአንድ ፊቱ አቆመለት። ልጁ እየሳቀ አለፋቸው፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን እንዴት እንዳለፈው እኔም እሱም አላየንም። ከዚያ የቡድኑን አምበል ጠራው። አምበሉ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጥ፣ ራሱ ላይ ፀጉር የሌለው፣ ግርማ ያለው ሰው ነው። ደረጀ እንደ ንፋስ መጣ፤ አምበሉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሰው ደጃፍ ደርሶ «ቤቶች» ማለት ያፈረ እንግዳ መሰለ። ኳሷን ወደ ኋላ ለጓደኛው ሰጥቶ ተመለሰ። አሰልጣኙ ደግመህ አለው፤ ደገመ። ያው ነው።

«በግጥሚያ ቀን ፊቱ የሚቆሙት ሁሉ ታላላቆቹ ናቸው» አለን አሰልጣኙ። «ሁሉም ጋ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ለምን ስለው አይመልስልኝም። እስቲ እናንተ ጠይቁልኝ።»

እኔ ጠየቅኩት። በታኬታው ሳሩን ጫር ጫር አደረገ።

«አባባ፣ ሰዎቹ እኮ ልጆች አሏቸው» አለኝ። «አንዳንዴ ልጆቻቸው መጥተው ያያሉ። በእግራቸው መሀል አሾልኬ ሳልፍ ሰው ይስቅባቸዋል። ትልቅ ሰው ቀድመህ አትለፍ፣ ትልቅ ሰው አታሳፍር ያሉኝ አንቱ አይደሉም?»

ነኝ። እኔ ነኝ ያልኩት። ልጅ አሳድጎ፣ የነገሩትን ሁሉ እንደያዘ ማግኘት የሚያስደስት ነገር ነው ይላሉ። እኔ ግን እዚያ ሜዳ ላይ ደስ ይበለኝ ወይ ይከፋኝ አላውቅም፤ ብቻ ያን ረጅም ልጅ እንደ ድሮው በጀርባዬ አዝዬው ብሄድ ደስ ባለኝ። የማይቻል ስለሆነ ወደ ሁለቱ ዞሬ «እንምከር» አልኩ።

ባህር ዛፎቹ ስር ሄደን ሸንጎ ተቀመጥን። ነገሩ ከባድ ነበር። የነገርነውን ቃል ብንሽረው ልጅ ምን ብለን እናሳድጋለን? ባንሽረው ደግሞ ባሕር ይወስደዋል። ያን ጊዜ ሸህ ሙሄ ሳቅ አሉ።

«እናንተ ክርስቲያኖች፣ የራሳችሁን ሕግ እኔ ላስታውሳችሁ?» አሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለም እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። እሳቸውም እኮ በልጅነታችን የገና ዕለት ከእኛ ወገን ሆነው ነበር ሩሩን፣ ያችን የእንጨት ኳስ፣ የሚለጉት። ገና ጨዋታ ላይ ድሃው ባለጠጋውን፣ ልጅ ሽማግሌውን ቢማታው ቂም የለም፤ ሲመሽ ሁሉም ወደ የማዕረጉ ይመለሳል። አንድ ዓመት አያ ይመር ጭቃ ሹሙን ቅልጥሙን ብሎት ሰውየው እያነከሰ ነው የገባው፤ ምንም አልተባለም። ይህንን ሳነሳ አያ ይመር እንዴት እንደሆነ አላውቅም በደንብ ሰማኝና የትኛው እግር እንደነበረ አረመኝ።

ይሁን እንጂ ሕጉ የሚጸናው ጌታው ሲስማማ ነው። ስለዚህ አምበሉን አስጠርተን፣ ይሄ ልጅ አንተን ማለፍ ነውር ይሆንብኛል ይላል፣ አንተ ምን ትላለህ አልነው።

አምበሉ ደረጀን አየው። «አባቶቼ፣ እኔን ያላለፈኝ ማን አለ?» አለ። «ያልፉኛል፣ ሰው ይስቃል፣ ቤቴ እገባለሁ፣ ልጆቼ ያው አባታቸውን ይስሙኛል። የሚያስቀይመኝ የሚያልፈኝ አይደለም። አዝኖልኝ የሚቆም ነው።»

ከዚያ በላይ ምስክር የለም። ሸህ ሙሄ ተነስተው ፍርዱን ተናገሩ፤ ከነጩ መስመር ውስጥ፣ ከፊሽካ እስከ ፊሽካ ድረስ ታላቅና ታናሽ የለም። ከመስመሩ ከወጣህ በኋላ ግን ጎንበስ ብለህ ትጨብጣለህ። ከዚያ መረቅነው። እግርህን ከእንቅፋት፣ ልብህን ከኩራት ይጠብቅልህ ስንል ተጫዋቾቹ ሁሉ ሳይጠሩ መጥተው መዳፋቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ። ያ ድንጋይ ፍለጋ የሄደው ልጅም ድንጋዩን እንደታቀፈ «አሚን» አለ። አሰልጣኙ ቃል አልገባልንም። እሁድ ግጥሚያ አለ፣ መጥታችሁ እዩ ብቻ አለን።

እሁድ ደሴን ጭጋግ ዋጣት፤ ሜዳው ጭቃ ነበር። ከወጣቱ መሀል ገብተን ተቀመጥን። የእኛዎቹ አንድ ለዜሮ ይመራሉ፤ መምራት ጥሩ ነው ብዬ ደስ ሲለኝ አጠገቤ ያለው ልጅ «እየተመራን ነው» ብሎ አረመኝ። ደረጀ ወንበሩ ላይ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አሰልጣኙ ጠራውና ቀይሮ አስገባው። ፊቱ የቆመው ተከላካይ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገ ሰው ነበር፤ ምነው ዛሬ እንኳ ወጣት ቢልኩ ብዬ ተናደድኩ።

ኳሷ መጣችለት። ሮጠ፣ ደረሰ፣ ቆመ፣ ወደ ኋላ ሰጠ። ሕዝቡ አጉረመረመ። አያ ይመር ብድግ አለ።

«ፈቅደናል እኮ፣ ልጄ! ፈቅደናል!»

ያንን ድምፅ ቦሩ ሜዳም ያለ ሰው ሳይሰማው አይቀርም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ከኋላችን ያሉት ጎረምሶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሉት፤ «ፈቅደናል! ፈቅደናል!» እያሉ ሜዳውን በጭብጨባ አናወጡት። ደረጀ ቀና ብሎ ወደ እኛ አየ። ኳሷ እንደገና መጣችለት። መስመሯን ይዞ ሮጠ፤ ባለሽበቱ እግሩን ከፈት አድርጎ ጠበቀው። ደረጀ ኳሷን በሰውየው እግሮች መሀል አሾለከና በጎኑ ዞሮ ያዛት። ሰውየው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ሕዝቡ ሳቀ። ያን ጊዜ የልጁን አንገት ነበር የማየው፤ ወደ ኋላ ልዙር ልዙር ሲል ታየኝ። አልዞረም። እስከ ጥጉ ድረስ ሄደና ኳሷን ወደ መሀል አሻማት። እንደ እጅ ስጦታ እግሩ ላይ ያረፈችለት ጓደኛው አጥር አሻግሮ መንገድ ላይ ቆሞ የነበረ ባጃጅ መታባት።

ተሸነፉ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ እኛ ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ እንደ ሚዜ እየሳቅን ወረድን፤ የተቃራኒ ደጋፊ መስለናቸው የገላመጡን ነበሩ። ደረጀ ከመስመሩ እንደወጣ በቀጥታ ወደዚያ ባለሽበት ሰውዬ ሄዶ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው። ሰውየው በጭቃማ መዳፉ የልጁን ራስ አሻሸና የሆነ ነገር ነገረው። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

አሰልጣኙ ደረጀን ይዞ ወደ እኛ መጣ። ከእንግዲህ ከመጀመሪያው እንደሚያስገባው፣ ስለ ኮንትራቱም ራሱ የክለቡን ሰዎች እንደሚያነጋግር በእኛ ፊት ነገረው። ኋላም አልዋሸም፣ ታደሰለት። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። የሺ ናት፤ እሁድ ግጥሚያ እንዳለ አውቃ ከወጥ ቤቷ ሹልክ ብላ ነው። አሸነፉ ወይ አለችኝ። ተሸነፉ አልኳት። የቀረውን ራሱ ይንገራት ብዬ ስልኩን ለልጁ ሰጠሁት።

«እማ» አላት። «እኔ እዚያ አልመጣም። አንቺ ነይ።»

የሺ፣ እኛም አጠገቡ ቆመን እየሰማናት፣ ደሴ ብርድ አይደለም ወይ፣ ሹራብ ደርበሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። ልጁ ጭቃ የጠጣች ስስ ማልያውን ለብሶ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «ደርቤያለሁ» አላት።

ሦስት ሽማግሌዎች ቆመን እያየነው ለእናቱ ዋሸ። ዝም አልነው።